ሐይቅ ዳር በሰው ካፖርት

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ካውያ» በሚል ስም ነው። እናቷ ያወጡላትን ስም የሚጠራ ቢመጣ እሷም ዞር ብላ «ማንን ነው?» ሳትል አትቀርም። የዕድሜዋን ግማሽ ያሳለፈችው በአንድ ላውንደሪ ጓዳ፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነው። የሰው ሸሚዝ እንደ ወረቀት ቀጥ ታደርጋለች፤ የራሷ ቀሚስ ግን ተጨማድዶ ውሎ ተጨማድዶ ይገባል። ለራሷ ካውያ የምታነሳበት አቅም ከየት ይምጣ?

ሐይቁን የምታውቀው በሰው ኪስ ነው። ላውንደሪ ቤት የመጀመሪያው ሕግ ኪስ መፈተሽ ነው፤ ልብሱ ባንኮኒው ላይ ሲደርስ፣ ገና ሳይታጠብ፣ ኪሱ ይገለበጥና ይራገፋል። አለዚያማ አንድ የተረሳ እስክሪብቶ የስንቱን ሸሚዝ ጉድ ያፈላል። ታዲያ ከእረፍት የተመለሱ ሰዎች ሱሪ ሲራገፍ ደቃቅ አሸዋ ይወርዳል። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ስትል «ከሐይቁ ነዋ!» ይሏታል፣ ስለ ጎረቤት ጓሮ እንደሚያወሩ ሁሉ። እውነትም ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት በሚኒባስ የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ካውያ ግን የሰው አሸዋ ስትጠርግ ኖረች እንጂ አንድ ቀን እግሯን አላራሰችም።

በመጨረሻ ቆረጠች። ላገባችው ልጇ በስልክ ነገረቻት።

«ብቻሽን? እማዬ፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ውሃ ላይ ላፈጥ።»

«ውሃማ ቧንቧሽም ውስጥ አለልሽ!» ልጅቷ ሳቀች። ካውያም ሳቀች፤ ግን ቅር አላት።

ጉዞው በቁጠባ የተሰላ ነበር። ከዳቦና ከተቀቀለ እንቁላል በቀር ምግብ የለም፤ ሆቴል ገብቶ መብላት የሚባል ነገር አይታሰብም። ቅዳሜን ከሥራ አስፈቅዳለች፤ አዳሩ አንድ ሌሊት፣ ያውም ከተገኘው ክፍል ሁሉ ርካሹ ውስጥ። ይህ ሁሉ አላሳፈራትም። ያሳፈራት ጃኬቷ ነው። ክርኑ ሳስቶ ውስጡ ያለው ይታያል። «በዚህ ገጽታ ሐይቅ ዳር ብቆም የምለምን ይመስላቸዋል» አለች ለራሷ። እንዲህ እያለች ነው ዓርብ ማታ ሱቁን ልትዘጋ ስትል ዓይኗ ካፖርቱ ላይ ያረፈው።

ካፖርቱ ሰማያዊ፣ ወፍራም ሱፍ ነው። ባለቤቱ ሳይወስደው ወራት አልፈውታል፤ መጨረሻው መስቀያ ላይ፣ ፕላስቲክ ለብሶ ተረስቷል። አሠሪዋ እትዬ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ቁልፉ እሷው እጅ ነው፤ እትዬ ለወንድማቸው እንኳ ያልሰጡትን ቁልፍ ለእሷ ከሰጡ ዓመታት ሆነዋል። «ሰኞ በማለዳ እመልሰዋለሁ፤ ማን ያያል?» አለች። አንገትጌው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘችውን የቁጥር ጨርቅ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ፍረዱ እንግዲህ፤ ይህቺ ሴት እስከዚያች ቀን ድረስ የሰው አዝራር እንኳ ወድቆ ካገኘች እስክትመልስ እንቅልፍ የማይወስዳት ነበረች።

ካፖርቱ ምን የማያደርግ አለ! ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ የመስኮቱን ወንበር አስለቅቆ ሰጣት። የማደሪያው ዘበኛ ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ቦርሳዋን ተሸከመላት፤ «እመቤቴ» እያለ መርቶ የወሰዳት ግን ወደዚያው ወደ ርካሹ ክፍል ነው። መስኮቱን ስትከፍተው የሚታየው ሐይቁ ሳይሆን የልብስ ማስጫው ገመድ ነበር። ብቻዋን ሆና ከት ብላ ሳቀች፤ ሰው ከሥራው አያመልጥም።

ከዚያ ወረደች፤ ውሃውን አየችው። እንዲህ ይሰፋል ብላ አላሰበችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስትነክር ብርዱ እስከ ጉልበቷ ዘለቀ፤ እንደ ልጅ «ዉይ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ነጭ ዛጎል አነሳችና ከነአሸዋዋ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ያቺ ሰዓት የእሷ ነበረች፤ ማንም አይወስድባትም።

አጠገቧ ከልጆቿ ጋር የተቀመጠች አንዲት ዘናጭ ሴት ግን ዞር አለችና «እንዴት ያምራል! ከየት ገዝተሽው ነው?» አለቻት፣ ካፖርቱን እየዳሰሰች።

«ባለቤቴ ነው ያመጣልኝ» አለች ካውያ።

ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። ባሏ በቁሙ ሳለ መሀረብ እንኳ አምጥቶላት አያውቅም፤ ነፍሱን ይማረው። ሴትየዋ «ታድለሽ!» አለቻት። ካውያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፀሐዩም ውሃውም ከዚያ በኋላ አልጣማትም። እንቁላሏን ክፍሏ ውስጥ ገብታ፣ ማስጫው ገመድ ላይ ዓይኗን ተክላ በላች። በማግስቱም በመጀመሪያው መኪና ተመለሰች።

ሰኞ እትዬ ሳይመጡ ካፖርቱን ቦረሸችው፣ በእንፋሎት ተኮሰችው፣ ቁጥሩን መልሳ አንገትጌው ላይ ሰካች፣ ፕላስቲኩን አልብሳ ሰቀለችው። ኪሱን ግን አልፈተሸችም። ኪስ የሚፈተሸው ልብስ በባንኮኒው በኩል ሲገባ ነው፤ ይህ ደግሞ በባንኮኒው በኩል አልገባም። እጇ በለመደው ሄደ፤ ልማዷ ጉድ ሠራት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ የታጠፈች ደረሰኝ ይዘው መጡ። «ከባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ያገኘኋት ናት» አሉ። «እሷ እንኳ አርፋለች። ወራት አለፉ፤ ቦርሳዋን ለመክፈት አቅም አጥቼ ነው።»

እትዬ ካፖርቱን አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉላቸው። ካውያ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች። ሽማግሌው ሱፉን ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። ሲያወጡት መዳፋቸው ላይ ዛጎሏና አሸዋው አለ።

«ሐይቁ ዳር ሄዳ ነበር ማለት ነው!» አሉ። «ውሰደኝ እያለች ስንት ዘመን ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ‹ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለሽ› እያልኩ… እና እኔን ሳትጠብቅ ሄዳለቻ! ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!» እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ፤ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ።

እትዬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ያ ካፖርት ሲመጣ ኪሱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝግ ብለው። «ባዶ ነበር።»

ካውያ ውሃ ሆነች። እትዬ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። የሱቁን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እትዬ ቁልፉን ዞር ብለው አላዩትም።

«የእኔና የአንቺ ይቆየን። ሰውዬው ግን ያልሆነ ነገር ይዘው ሄደዋል።»

ከነሽርጧ ሮጠች። ሽማግሌው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካፖርቱ ጉልበታቸው ላይ፣ ዛጎሏ መዳፋቸው ላይ። ሲያዩዋት ደስ አላቸው።

«ልጄ፣ ወደ ሐይቁ የሚሄደው መኪና ከየት ነው የሚነሳው? እሷ ያየችውን ልየው ብዬ ነው።»

«ከድልድዩ ማዶ…» ብላ ጀመረች። እንዲህ ብላ አሳይታቸው ብትመለስ ማንም አይከሳትም፤ እሳቸውም በደስታቸው ይኖራሉ። ግን ዓይኗ መዳፋቸው ላይ ያለችው ዛጎል ላይ አረፈ። «አባባ፣ ዛጎሏን ያነሳኋት እኔ ነኝ» አለች። አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዓርብ ማታን፣ ቁልፉን፣ ጃኬቷን፣ ሐይቁን። ለዚያች ሴት የመለሰችላትን ነገር ብቻ አላወጣችውም፤ እሱስ ከአፏ የሚወጣ አልሆነም።

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ።

«እንግዲያው አልሄደችም» አሉ ሽማግሌው።

«አልሄዱም፣ አባባ።»

ዛጎሏን እጇ ላይ አስቀመጡላት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፉላት። ካፖርቱን ለማጠፍ ሞከሩ፤ አንገትጌው ተጨማደደ። ለማቃናት እጇ ሄዶ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ያሞቃል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ያሞቃል።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁላት» አሉ።

ካውያ የሚቀጥለው አውቶቡስ መጥቶ እሳቸውን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።