ይርሳው የመረጠው ካሜራ

የጋሽ ሀሰኖ አይሱዙ ወደኋላ ስትሄድ አሰላ ገበያ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። የሚሰማው ሞተሯን አይደለም፤ ይርሳውን ነው። «ና! ና! ግራ ያዝ! ና!» እያለ ላሜራዋን በመዳፉ ሲደልቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ለወትሮው «እርስዎ» የሚላቸውን ሰው፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ አንቱታውን ይረሳዋል። ረዳት ይባል እንጂ ሃምሳን ተሻግሯል። አባቱ በአስተማሪነት ተመድበው አሰላ ሲመጡ ታዝሎ የገባ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ዓለም ቢኖር ከጋሽ ሀሰኖ መኪና ላይ ሆኖ ያየው ነው።

ጣጣው የመጣው ዴራ ላይ ነው። ይርሳው «ቁም!» ብሎ ጮኸ፤ የሎተሪ ሻጩ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከሱ ብሶ ጮኸ። ጋሽ ሀሰኖ አልሰሙም። ሦስት ሳጥን ቲማቲም እዚያው ስልስ ሆኖ ቀረ። የቲማቲሙን ባለቤት ክሰውና ይቅርታ ጠይቀው ገና ከከተማው ሳይወጡ፣ «ካሜራ እናስገጥማለን» አሉ።

ይርሳው ሆዱ ባባ። ከኋላ ዓይን ያላት መኪና ረዳት ምን ያደርግላታል? በዚህ ዕድሜውስ ማን ይቀጥረዋል? ደግሞ ሰውዬውን ይወዳቸዋል፤ ተናግሮት ባያውቅም። ክፋቱ፣ ጋሽ ሀሰኖ ይርሳውን ሳያማክሩ ጎማ እንኳ አይገዙም። ስለዚህ የገዛ ተተኪውን እንዲመርጥ ወደ ፈይሩዛ መለዋወጫ ሱቅ ይዘውት ሄዱ።

ፈይሩዛ ሦስት ካሜራ ደረደረች። የመጀመሪያው ትንሽዬ ነው።

«ይሄ የቤት መኪና ነው። የኛ ሃያ አራት ቮልት ያቃጥለዋል» አለ ይርሳው። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ገመድ አልባ ነው።

«ምስሉ መሀል ላይ ቢቆምስ? ገደል እየገባን የቅድሙን መንገድ ልናይ ነው?»

ይህም እውነት ነው። ይርሳው ልቡ ሞቅ አለው፤ አንድ ብቻ ቀረ።

ሦስተኛው ባለ ገመድ፣ ሃያ አራት ቮልቱን የሚችል፣ ስክሪኑ ደብተር የሚያክል ነው። «የክረምቱን ዝናብስ?» ቢላት፣ ፈይሩዛ ከጆግ ውሃ ቸለሰችበት። ካሜራው ምንም ሳይመስለው የይርሳውን ፊት ከነኩርፊያው ጥርት አድርጎ አሳየ።

«እህስ፣ ይርሳው?» አሉ ጋሽ ሀሰኖ።

«አይረባም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ነገ ከጎማው ሥር የሚገባው ቲማቲም ባይሆንስ? ደግሞ እኚህን ሰው ዋሽቷቸው አያውቅም።

«ይኼኛው ነው» አለና ወደ በሩ ዞረ።

ሐሙስ ዕለት፣ ካሜራው ተገጥሞ፣ ስንዴ ሊጭኑ ሲሬ ወረዱ። የመጋዘኑ ግቢ ጠባብ ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ ይርሳው እግሩ እንደለመደው ዘሎ ወርዶ፣ በመኪናዋና በግንቡ መሀል ቆመ።

«ና! ና!»

መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል መጥታ ቀጥ አለች። «ምነው? ና እንጂ!»

ጋሽ ሀሰኖ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንቡን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ እሱን።

«ያ ረቢ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወደ አንተ ነው እንዴ ስነዳ የኖርኩት?»

«ታዲያ ወዴት ሊነዱ ኖሯል?»

አልሳቁም። «ከእንግዲህ ከኋላዬ እንዳላይህ!»

ሳምንቱን ሙሉ የፈራው ቃል መጣ። ይርሳው ወደ ጋቢናው በር ሄደ። «እሺ፣ ጋሽ ሀሰኖ። ዕቃዬን ላውጣ» አለ።

«የምን ዕቃ? ጋቢና ግባ! እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ አንተ ስክሪኑን ታያለህ። ብደፈጥጥህ ኖሮ ከማን ጋር ልኖር ነበር?»

ይርሳው ገባ፤ ጋሽ ሀሰኖም ሞተሩን አስነስተው የኋላ ማርሽ አስገቡ። ዕንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ስክሪኑ ላይ ቅድም የቆመባት ቦታ ባዶዋን ትታያለች። አንድ ሰው፣ ያውም ቀጭን ሰው ብታስቆም ነው። ይህን ያህል ጠባብ መሆኗን እስከዛሬ አያውቅም ነበር።

«ና» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።