የጉንቮር እርሾ

የቮስ ከተማው ስቬይኑንግ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ግልፍተኛ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ መሸገ። ምክንያት ነበረው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደው የእናቱ የጉንቮር የቢራ እርሾ ባለፈው መኸር ኮምጥጦ ነበር። እናቱ አልጋ ይዘዋል፤ ከመሞታቸው በፊት የሚለምኑት ከራሳቸው እርሾ የተጠመቀ አንድ ብርጭቆ ቢራ ብቻ ነው።

እርሾውን በውሃ እያቀጠነ በመስታወት ላይ ያንጠባጥባል። አንድ ህዋስ ብቻ የያዘችውን ጠብታ በማይክሮስኮፑ ይለይና በቀጭን ሽቦ አንስቶ እንደ ጄሊ በረጋ የብቅል ውሃ ላይ ያሳርፋታል። እርሾው የብዙ ዓይነት ቅይጥ ነውና፣ ወር ሙሉ ለፍቶ ከኮምጣጣው የጸዱ ሰባት ዓይነቶች በሰባት ሰሃን አበቀለ። ኋላ መልሶ ሊቀላቅላቸው ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገረም። ክፉ ልማዱ ነው።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ ኦድቫር፣ ግንድ ቆራጩ፣ ሳያንኳኳ ገባ።

«እማዬ እየሞተች አንተ እርሾዋን ትበልታለህ?»

«አትንካ! ካልገባህ ውጣ!»

«አብሮ የኖረውን ለያይተህ ልትጨርሰው ነው! የአውቶብስ ብሎን መሰለህ?»

«ዛፍ ከመጣል ሌላ ምን ታውቃለህ፣ አንተ ደደብ!»

ኦድቫር ደሙ ፈላ። የመጥመቂያውን ማማሰያ አንስቶ ጠረጴዛውን ጠረገው። ሰሃኖቹ ተንኮታኮቱ፤ የቀረው ኮምጣጣ እርሾም ከነማሰሮው ተከሰከሰ። ስቬይኑንግ ዘሎ ጉሮሮውን አነቀው፤ ጭንቅላቱን ከምድጃው ጋር አላተመው። ኦድቫር በክርኑ መንጋጋውን ሰበረው። ስብርባሪው ላይ እየተንከባለሉ ተቦጫጨቁ፤ ያላቀቃቸው ድካም ብቻ ነው።

«ልቀላቅላቸው ነበር» አለ ስቬይኑንግ፣ ደም እየተፋ። «ሰባቱንም።»

ኦድቫር ማማሰያውን ጣለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነሱ ለቅመው ያገኙት ምድጃው ስር የተረፈች አንዲት ሰሃን ብቻ ነው።

ከሷ አራብተው ጠመቁ። እርሾ ሲጨመር ቢራው እንዲበረታ መጮህ የአገሩ ወግ ነው። ስቬይኑንግ መንጋጋው በሽቦ ታስሯልና ኦድቫር የሁለቱንም ድርሻ ጮኸ።

ቢራው ሲደርስ ጉንቮር ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት።

«የኔ ነው» አሉ። «ግን ብዙው የለም። ሌላውን የት አደረሳችሁት?»

ኦድቫር አልጋው ስር ተንበረከከ። «እኔ ፈጀሁት፣ እማዬ።»

እናቱ ያን ሁሉ የለመኑትን ብርጭቆ ሳይጨርሱ መልሰው እጁ ላይ አኖሩት።