የካስማው ቦታ

በጣሊያን ዘመን ካዛንቺስ ላይ ለሹማምንቱ ቤት ሲሠራ፣ እኔ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር እሠራ ነበር። ቁፋሮው ሲያልቅ ጫፉ ላይ የእርሳስ ቀለበቶች ያሉበትን ገመድ ወደ ጉድጓዱ እናወርዳለን። ከቀለበቶቹ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ መሬቱ ምን ያህል እንደሚቃወመው ላይ ያለው የመለኪያ መሣሪያ መርፌ ታሳያለች። ደረቅ ዓለት አጥብቆ ይቃወማል፤ ውሃ ያዘለ አሸዋ ያሳልፋል። ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው ራቅ ብሎ በሚተከል የብረት ካስማ በኩል ስለሆነ፣ የካስማው ሥር ካልረጠበ መርፌዋ አትረጋም።

ካስማውን የምተክለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጣሊያኑ መሐንዲስ በኖራ ምልክት ያደረገበት ቦታ የአንዲት ባልቴት ጓሮ ውስጥ፣ ከኮክ ዛፋቸው ሥር ዋለ። መዶሻዬን ሳነሳ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ አትምታ።»

ቀጥለው ያ የሚወርደው ነገር ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ ያይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጣሊያኖቹ የተቀበረ ሰው ይፈልጋሉ የሚል ወሬ በሰፈሩ ነበር። የባልቴቷ ልጅ መገደሉን ሰምቻለሁ፤ የት እንዳረፈ ግን ማንም አያነሳም፣ ለቅሶም የደረሳቸው የለም። ኮኩን አየሁት፤ ገባኝ።

ለመሐንዲሱ አፈሩ ልል ነው፣ ካስማ አይዝም አልኩት። ርቀቱን ሳልቀንስ ሌላ ቦታ እንድፈልግ ፈቀደልኝ፤ መርፌዋ ካልረጋች ግን ራሱ መጥቶ ምልክቱ ላይ እንደሚተክለው ነገረኝ። በዚያው ርቀት የቀረው ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ጠጠራማ መሬት ብቻ ነበር። እዚያ መታሁት። ገመዱን የሚጠቀልለው ጓደኛዬ ከወዲያ ሆኖ መርፌዋ እየዘለለች እንደሆነ ጮኾ ነገረኝና፣ «እንዳንተ ሰው ትፈራለች» ብሎ ቀለደ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም፤ ወደ ጓሮው መምጣት ጀመረ።

ባልቴቷን ውሃ እንዲያመጡልኝ፣ ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ስለሚያሳልፍ ካላቸውም ጨው እንዲጨምሩበት ለመንኳቸው። ጨው በዚያን ጊዜ እንደልብ አይገኝም። ያላቸውን ሁሉ በጥብጠው፣ ጎንበስ ብለው ካስማው ሥር አፈሰሱ። መሐንዲሱ አጥሩ ጋ ሳይደርስ ጓደኛዬ መርፌዋ መርጋቷን ተናገረ። ሰውዬው ተመለሰ።

ገመዱን ከታች ወደ ላይ እየሳብን ስንለካ ዋልን። ካስማውን ስነቅል ባልቴቷ አጠገቤ ነበሩ።

«አላየም?»

«አላየም፣ እማማ። የሚለየው እርጥቡን ከደረቁ ብቻ ነው።»

ዞር ዞር ብለው ጓሮውን ቃኙ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ኮኩ ሥር ተቀመጡ። እኔም ካስማውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።