ኮከቡን ምን አጠቆረው?

እኔ አስካለ ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ፤ ጋሽ ገብረየስ ግን ከእኔም ይብሱ ነበር። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ፣ ከሱቄ ጎን መስታወት ይቆርጣሉ። ባለቀለም መስታወት ቆራርጠው፣ በእርሳስ እየበየዱ አበባና ወፍ የሚያወጡ በከተማው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ እሳቸው አንዲት ስባሪ ወደ ፀሐይ አንስተው ያያሉ። መልሳቸው "ቆየኝማ!" ነው።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀበሌያችን ለአዳራሹ ትልቅ ኮከብ አሠራቸው። ዙሪያው ቀይና ቢጫ፣ መሀሉ መልክ ማያ መስታወት። ሲያምር! ግንቦት ላይ ተሰቀለ። ሐምሌ ሳይጋመስ የመልክ ማያው ጠርዝ ጠቁሮ፣ ጥቁረቱ ወደ መሀል ይሳብ ጀመር። ሻጋታ የያዘው ዳቦ መሰለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው እየተንጨረጨረ መጣ።

"ይሄ አሻጥር ነው! በአንድ ወር ውስጥ ለኮሚቴው ቀርበህ ታስረዳለህ" አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ እያለ።

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ የማያውቅ አልነበረም። ወሽመጤ ተቆረጠ።

"ሐይቁ ነው ይበሉ" አልኳቸው። "እርጥበቱ በላው ይበሉ። ሐይቁን ማን ያስረዋል?"

"ሐይቁ መሆኑን በምን አወቅሽ?" አሉኝ።

ወይ ጉድ! ሊታሰሩ ነው፣ እሳቸውን የሚያሳስባቸው ጥቁረቱ።

አራት ስባሪ መልክ ማያ መስታወት ቆረጡ። አንዱን አሲድ ሳያስነኩ ቡሹሎ ወስደው ሐይቁ ዳር ካለው ከእህታቸው ከወርቄ ቤት ሰቀሉት። ሦስቱን እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ፦ አንዱ ምንም ያልነካው፣ አንዱ ሲበይዱ የሚቀቡት አሲድ ጠርዙን የነካው። ሦስተኛውን ግን አሲድ አስነክተው በሳሙና አጠቡና፣ ደርቆ ጠርዙን የሚሸፍንላቸው ነገር ፈለጉ። የግድግዳ ቀለም ሞከሩ፣ ተላጠ። ከዚያ ጣቶቼ ላይ አፈጠጡ።

"ምን ያፈጣሉ?"

"ይሄ ኩቴክስ ልብስ ስታጥቢ አይለቅም?"

"አይለቅም። በስተርጅና ጥፍር ሊቀቡ ነው እንዴ?"

ለራሴ የደበቅኳትን፣ ቀለም የሌላትን ብልቃጥ አንጀቴ እያረረ ሰጠኋቸው። ያኔ ኩቴክስ ከየት ይገኛል! ጠርዙን ዙሪያውን በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡት።

ከዚያማ እኔንም ለከፈኝ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ግድግዳዬን ሆነ። በአሥረኛው ቀን አሲድ የነካው ጠርዝ ጠቆረ። ኩቴክስ የተቀባው ንጹሕ፣ ምንም ያልነካውም ንጹሕ። ወሩ ሊያልቅ ሲል የቡሹሎው መጣ፣ እሱም ንጹሕ! እሳቸው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ሐይቁ ነጻ ከወጣ ጥፋቱ የራሳቸው ነው ማለት ነዋ።

ስባሪዎቹ የተሰቀሉት እኔ ጋ ስለነበር ኮሚቴው ለምስክርነት ጠራኝ።

"በማርያም፣ ሐይቁ ነው ይበሉ" አልኳቸው በጆሯቸው።

የት ሰምተውኝ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስባሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና፣ "ጓዶች፣ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ስበይድ የቀባሁት አሲድ በጠርዙ ገብቶ ከጀርባው ያለውን ቅብ በላው። ማጠብና ጠርዙን መሸፈን ነበረብኝ። አላወቅኩም ነበር፣ አሁን ግን አወቅኩ!"

ደስ ብሏቸዋል እኮ! ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጓድ ግዛቸው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ አገላበጠ። ኩቴክሱን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጋሽ ገብረየስ" አለ፣ "የኔ ቤት ቁም ሳጥን መስታወትም ከታች በኩል ጠቁሯል። እሱን ደግሞ ማንም አልበየደውም። ምን ሆኖ ይሆን?"

"እሱን አላውቅም" አሉ። "ሳላየው አልናገርም።"

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አነሳ። "እንግዲያው ይምጡና ይዩልኝ።"

ሁለቱ እያወሩ ወጡ፤ አሻጥር የሚል ቃል ዳግም ያነሳ የለም። ኮሚቴው ተያየና ተከተላቸው፣ እኔም ነጠላዬን እያጣፋሁ ከኋላ ሮጥኩ።