የጆሮ መዳፍ

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» የሚለው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ትልቅነቱንማ ማንም አይክድም። ድንጋይ ካባው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሰረስር ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዶሎማይት የሚባለውን የካባውን ድንጋይ ገደል በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የሚያዳምጠው እሱ ነው። እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ እንደ ባዶ በርሜል ካጉረመረመ ከጀርባው ተላቋል ማለት ነው። እሱ «ግቡ» ሳይል እግሩን የሚያስገባ አልነበረም። ካለ በኋላ ደግሞ ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም።

አምና አንድ ቀን ማሰሮው ምድጃ ላይ ሲያር፣ ክዳኑ እየተንጣጣ፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይቆርጣል። «አንተ ሰውዬ፣ አይሰማህም?» አለችው ሚስቱ። አይሰማውም። መሰርሰሪያው ጆሮውን በልቶ ጨርሶታል።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት። ቃሏን ጠብቃ ለእኔ ለጎረቤቷ ብቻ ነገረችኝ። በዕድሜዬ የያዝኩት ብቸኛ ምስጢር እሱ ሆነ፤ ምነው ባልያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ በቀኙ እየመታ ግራ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፤ ንዝረቱን በእጁ ያዳምጣል።

ክረምቱ ሲገባ አንዲት ጂኦሎጂስት መጣች። ድንጋዩን ፍቃ ዱቄቱ ላይ አሲድ ጠብ ስታደርግ ቀስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። «ይህ ሁሉ ከጉልበት የማያልፍ ሙቅ ባሕር ነበር» አለች። «ነጭ ጭቃ ተደራርቦ ደነደነ፤ ጨዋማው ውሃ ዘልቆት ዶሎማይት ሆነ። ቀዳዳዎቹ ቀንድ አውጣዎች ሟሙተው የተዉት ቤት ናቸው።»

«ባሕሩ ታዲያ የት ገባ?» አለ እዚያው ካባ የሚሠራው የጆሮ አማች።

«ምን ልትሆን? አንተ እንደሆንክ መታጠብ አትወድም» አሉት ጓደኞቹ።

እሷ አልሳቀችም። በገደሉ መሃል የምትሄድ፣ ጣት የምታክል ግራጫ መስመር አሳየች። «ባሕሩ አንድ ሰሞን ደፍርሶ ያራገፈው አፈር ነው። ውሃ ከጠጣ ሳሙና ነው። ንብርብሩ ደግሞ ወደ እናንተ ያዘነበለ ነው።»

የካባው አለቃ «እኛ ጆሮ አለን» ብሎ ሸኛት።

ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ጠዋት ጆሮ መታ። መዳፉ ምንም አልሰማም። ሲያነሳው ግራጫ ጭቃ ተለቅልቋል።

«አባባ፣ ግቡ ይበሉን እንጂ፣ በሰበስን እኮ!» አለ አማቹ፤ ከኋላው ሰባት ሰዎች ቆመዋል።

«አትግቡ።»

አለቃው በእጁ የራሱን ጆሮ እያሳየ «ምን ሰማህ?» አለው።

«ምንም። ከሰማሁ ዓመት ሆነኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሳቁ ግን አንድ በአንድ ጠፋ። አማቹ «አንቱ» ማለቱን እዚያው ተወው፤ «ዓመት ሙሉ! የልጅህን ባል!» ብሎ አንገትጌውን ይዞ ናጠው። ጆሮ መዳፉን ዘረጋለት። አማቹ ጭቃውን አየ፤ ቀና ብሎ ገደሉን አየ። ከዚያ መሰርሰሪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሰባቱም ተከተሉት።

«ደንቆሮ ምን ያውቃል?» አለ አለቃው፤ ከሩቅ አዳዲስ ሠራተኞች አስመጣ።

ገደሉ እስካሁን አልወደቀም። ዝናቡም አላባራም። በመስኮቴ አሻግሬ ሳይ ከግራጫዋ መስመር በላይ ያለው ድንጋይ ከታችኛው ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ትናንት እኩል ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት አዲሶቹ በጭነት መኪና ሲመጡ ጆሮ ካባው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ከቦዩ የሚወርደውን ግራጫ ጭቃ መዳፉ ላይ ቀብቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ «አትግቡ!» እያለ ጮኸ። ሞተሩ ድምፁን ዋጠው፤ መዋጡን እሱ አያውቅም።

ጨዋ ልጆች ናቸው። ሁሉም እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉትና ገቡ።