ጤፍ መሀል የገባ ሽሮ

መካነ ሰላም እናቴ ቤት ተቀምጬ የኮምፒውተርን ከርነል፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ የሚያስተናብረውን የውስጥ ፕሮግራም፣ እጠግን ነበር። ዲስክ ላይ የሚጽፈው ክፍል አንዱን ፋይል ሳይጨርስ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣበት ያቋርጥና ሁለቱን ይደባልቃል። ካልተስተካከለ የሰው ፎቶ ሁሉ መበላሸቱ ነው። ተናድጄ ማቋረጥን ጭራሽ ከለከልኩ፤ ማሽኑም ድርቅ ብሎ ቀረ።

እናቴ ከወፍጮ ቤት እየተቆጣች ገባች።

«ባለወፍጮው ጤፌን አጋምሶ የለቀስተኛ ሽሮ ጨመረበት!»

እኛ ዘንድ ኀዘን ያለበት ቤት ወረፋ አይጠብቅም።

«ታዲያ ምን ያድርግ እማዬ?»

«ጆንያዬ እስኪያልቅ ማንንም አያስገባ!»

እሷ ያለችውን መቃወም የቆየ ልማዴ ነው። «ለቀስተኞቹ እስከዚያ ምን ይብሉ? የወፍጮው ድንጋይ ላይ ያለው ጤፍ እስኪወርድ ብቻ ቢጠብቁስ?»

«አስተግፊሩላህ! እሱማ ይበቃኝ ነበር።»

የመከርኳትን ራሴ አለማድረጌ ገረመኝ። ክልከላውን በመጻፍ ላይ ያለው የፋይል ቁራጭ እስኪያልቅ ብቻ አደረግሁት። ፋይሎቹ ሳይነካኩ ወጡ፤ ማሽኑም ነቃ።

«ተስተካከለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዱቄቷን እያሸተተች። «በል ና፣ ይህንንም አስተካክልልኝ።»