በስሜ የተጸለየላት ልጅ

የአክስቴ የንስሐ አባት የሞተችውን ልጅ የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ፣ የእናቴን ስም መስጠት ስችል የራሴን ለምን ሰጠሁ? ይህን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መልስ የሚመስል ነገር መጥቶልኝ ያውቃል፤ ጽፌ ሳየው ግን እውነት አይመስለኝም፤ እሰርዘዋለሁ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ፣ እንደሆነው እጽፋለሁ።

ጎንደር ከተማ የመጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴን ጦርነቱ ወሰደው። እናቴ ከደባርቅ ወዲያ ባለችው የደጋ መንደራችን በአንድ ክረምት ታማ ሞተች። ከዚያ የአባቴ እህት ወሰደችኝ። አክስቴ የመሪጌታ ሚስት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር ይዋሰናል፤ የቅዳሴው ድምፅ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ክፉ አልነበረችም፤ ዝምተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች። የምትናገረኝ ቃል በጣት ይቆጠር ነበር፤ «በላሽ?» «ውሃው ተቀዳ?» «በሩን ግጥም አድርጊው።» እኔም ዝምተኛ ነበርሁ። የእንዝርቱን ድምፅ እየሰማን ስንት ምሽት ሳንነጋገር እንደተኛን አላውቅም።

ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች የሰባትና የስምንት ዓመት ነበሩ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። የመጀመሪያው ቀን አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ በሩ ላይ ቆማ፣

«እማማ፣ ልጅዎን ሊያደርሱ ነው?» አለችኝ።

«ልማር ነው» አልኋት።

«ኧረ ኑልኝ! እማማ ልትማር ነው!» ብላ ሮጠች።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «እማማ» ሆነ። በዓመት ሁለት ክፍል እያለፍሁ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አምስተኛ ክፍል ስደርስም ያው «እማማ» ነበርሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ «አንቺ» ነኝ። የክርስትና ስሜን የሚያውቁት እናቴና የክርስትና እናቴ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው። እናቴ ያንን ስም የምትጠራው ስትጸልይልኝ ብቻ ነበር።

አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የምታስተምረን ህንዳዊት ነበረች። ሁላችንም «ሚስ» ነው የምንላት። ከመስኮቱ ሥር የእንጨት ሣጥን ነበራት፤ በውስጡም ከአገሯ ያመጣቻቸው መጻሕፍት ነበሩ። ሌሎቹ ልጆች ገጽ እያጠፉ፣ ቅባት እያስነኩ ይመልሱላት ነበር። እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ወስጄ በጨርቅ ጠቅልዬ እመልሳለሁ። ለዚህም ይመስለኛል፣ አንድ ዓርብ ከሣጥኑ ታች ያለውን ስስ፣ ግራጫ ልባስ ያለው መጽሐፍ አውጥታ የሰጠችኝ።

«ልጅ ሳለሁ እናቴ የደበቀችብኝ መጽሐፍ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «ብቻሽን ግን አታንብቢው፤ ትፈሪያለሽ።»

ከማን ጋር ላንብበው ብዬ አልጠየቅኋትም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሰባት አጫጭር ታሪኮች ነበሩ፤ ሁሉም ልጆችን ለማስፈራት የተጻፉ። ማንም በሌለበት ቤት የሚደወል ደወል፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያንኳኳ እጅ፤ ከሥዕል ወርዳ ደረጃውን የምትወጣ ወይዘሮ። እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቃቸው መጻሕፍት የአክስቴ ባል የተዋቸው ዳዊት፣ ድርሳንና ተአምር ናቸው። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ብዕር ነክሮ፣ ልጅ ሊያስፈራራ መጽሐፍ ይጽፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ፈራሁ፤ ግን አልተውሁትም። ሳምንቱን ሙሉ አንዷን ታሪክ በደብተሬ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ቃሉ ካልተስማማኝ ሦስት አራት ጊዜ አጠፋለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጥራቱን ለማየት በለሆሳስ አነበዋለሁ።

አንድ እሁድ ከጀርባዬ እንዝርቱ ቆመ።

«ምን ትያለሽ?» አለች አክስቴ። «ጮክ በይ።»

ጮክ አልሁ። የግድግዳውን እጅ ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስጨርስ አማተበች፤ ከዚያ የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ እኔ ጎተተች።

«ሌላስ አለው?»

በሦስት ዓመት ውስጥ አክስቴ ጥያቄ ጠይቃኝ መልሱን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ የእኛ ሆነ። እሷ ትፈትላለች፣ እኔ አነባለሁ። «ተዪ፣ እዚያ ላይ መልሺልኝ» ትለኛለች። «ምነው ያቺ ሞኝ ብቻዋን ወደ ምድር ቤቱ ወረደች?» ትላለች። አንዴ የሥዕሏ ወይዘሮ ደረጃ ስትወጣ ውጭ ፍየል ጮኸችና ሁለታችንም ብድግ አልን፤ ተያይተንም ሳቅን። አክስቴ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር።

አምስተኛው ታሪክ የአንዲት ልጅ ነው። በትልቅ የድንጋይ ቤት ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች። በየቀኑ ምሳ ሲቀርብ የራሷን ሳህን ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ከሌሎቹ ጋር ታኖራለች፤ ማንም ምግብ አያደርግላትም፤ ማንም ወደ እሷ አያይም። በመጨረሻው ገጽ ላይ እናቷ በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የልጅቷ ሥዕል ቀና ብላ «ዛሬ ዓመቷ» ስትል ትሰማለች። ልጅቷ መሞቷን አላወቀችም ነበር።

አንብቤ ስጨርስ አክስቴ ታለቅስ ነበር። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባዋ ፈትሉ ላይ ይወርዳል።

«ማነው የጻፈው?» አለችኝ።

«ፈረንጅ ነው፣ እትዬ።»

«አይቶ ነው?»

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። አላየም፤ ከልቡ የፈጠረው ነው ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ፈጠራ ነው ብላት አክስቴ ዱካዋን ወደ ቦታው ትመልሳለች፤ እኔና እንዝርቱም እንደ ድሮው እንሆናለን።

«አይቶ ነው» አልሁ።

«እስቲ ሥዕሉን አምጪው።» ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሥዕል አሳየኋት። ክብ ግንብ ያለው፣ ጠባብ መስኮት ያለው የድንጋይ ቤት ነው። አክስቴ ጣቷን አኖረችበት።

«ይሄማ የኛው ግንብ ነው! የነገሥታቱ ግቢ። ደርቡሽ ከማቃጠሉ በፊት የነበረ ነው። ልጅቱ የዚሁ አገር ሰው ናት።»

«በረዶ ይዘንባል ይላል እኮ፣ እትዬ» አልሁ ቀስ ብዬ።

«ስሜን አይዘንብም?» አለች። «አንቺ ራስሽ የመጣሽበት አገር አይዘንብም? ምስኪን፤ ፍትሐት ሳይደረግላት ቀርታ እኮ ነው የምትንከራተት።»

በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ የንስሐ አባቷን ይዛ መጣች። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ግንቡስ ግንብ ነው» አሉ። «የጣሪያው ነገር ግን እንጃ።»

«ጣሪያውማ ተቃጥሏል፣ አባ» አለች አክስቴ።

«ክርስቲያን ናት?» አሉኝ እኔን።

«ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር» አልሁ። ይህ በመጽሐፉ አለ፤ ውሸት አልነበረም።

«የክርስትና ስሟስ? ያለ ስም ፍትሐት አላደርስም።»

በመጽሐፉ ያለው ስም አፋችን ላይ የማይዞር የፈረንጅ ስም ነው። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። ፊቷ ላይ ያለው ተስፋ እስከዛሬ ይታየኛል። የሞተ ሰው ስም አውቃለሁ፤ የእናቴን። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የእኔ ነው።

አባ ጻፉት። ሞክሼ የበዛበት ስም ስለሆነ ምንም አልጠረጠሩም።

አርባ ቀን ስሜ ከሙታን ጋር ተጠራ። ጠዋት ከአክስቴ ጎን በሴቶች በኩል ቆሜ እሰማለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሲጠራ የአክስቴን ነጠላ ያዝሁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ያንን ስም ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም ነበር፤ ደነገጥሁ፤ በማግስቱ ግን እስኪጠራ ድረስ መጠበቅ ጀመርሁ። አክስቴ ስሙ በተጠራ ቁጥር ዝቅ ብላ ትሰግዳለች። በአርባኛው ቀን ተዝካር ደገሰች። ለካህናቱና በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦውን የቆረስሁት እኔ ነኝ። እየተቀበሉ «ነፍስ ይማር» ይሉኛል። «ይማርልን» እላለሁ። አንዲት ማየት የተሳናቸው አሮጊት እጄን ይዘው ጠየቁኝ፤

«ልጅ ነበረች አሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እህትሽ ናት?»

ምን እንደመለስሁ አላስታውስም። በኋላ ቁራሽ ደርሶኝ እኔም በላሁ።

በዚያ ወር ትምህርት ቤት ሚስ የስም ጥሪ ስታካሂድ «ፕሬዘንት!» የምለው እንደ መጮህ ነበር። ክፍሉ ይስቃል። «እማማ ጆሮዋ ደነቆረ!» ይላሉ። መኖሬን በአፌ ካላልሁ የሚያውቅልኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ባለው እሁድ ስድስተኛውን ታሪክ አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። አክስቴ እንዝርቷን ይዛ ጓዳ ገባች።

«እትዬ፣ ላንብብልሽ?»

«በቃ፣ አረፈች እኮ» አለችኝ ከውስጥ። «አሁን መጽሐፉን ከፍተሽ አታንሻት። ለባለቤቱ መልሺ።»

መለስሁ። ሚስ «ፈራሽ?» አለችኝ። «አልፈራሁም» አልሁ። ቤታችን እንደ ድሮው ሆነ። «በላሽ?» «ውሃው ተቀዳ?» በዓመቱ አክስቴ ስሙን ደግማ አስጠራች። በሚቀጥለውም ዓመት፤ ከዚያ በኋላም ሳታቋርጥ።

ከዚያ የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ አዲ አርቃይ ተመደብሁ። ከስሜን ገደል ሥር፣ የጭነት ማኪና የሚያልፍበት ቆላማ ከተማ ነው። እዚያ ሆኜ ብዙ ነገር አስተማርሁ፤ ለማንም ግን የክርስትና ስሜን አልነገርሁም። ቄስ ሲጠይቀኝ «ረስቼዋለሁ» እላለሁ፤ አንድ ነጥብ የማልረሳ ሴት። ስሙ አንዴ ለሙታን ተሰጥቷል፤ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

ፍትሐቱ በተደረገ በስምንተኛው ዓመት ወባ ያዘኝ። ሹፌሮች ከጆንያ መሐል አስተኝተው ጎንደር አደረሱኝ። አክስቴ በጓዳው አስተኛችኝ፤ አጥሚት ሠራች፤ ከአልጋው አጠገብ ዱካዋን አስጠግታ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ትኩሳቱ ትንሽ ሲተወኝ ጎንበስ አለች።

«ለድውያን በሚጸለየው ላስጠራሽ ነው። የክርስትና ስምሽ ማነው? ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረን፣ እኔ ባለጌ አልጠየቅሁሽም።»

ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሣሁ።

«ምነው? ነግረሽኝ ልሂድ እንጂ፣ ልጄ። አባ ይጠብቁኛል።»

ነገርኋት። አክስቴ ፊቷ በራ።

«እሰይ! የልጅቱ ሞክሼ ነሽ? ታዲያ ምነው ያኔ አልነገርሽኝም?»

«አዎ» ብል ያበቃ ነበር። ልል ነበር። ግን ፊቷን አየሁ።

«ሞክሼ አይደለሁም፣ እትዬ» አልሁ። «ያቺ ልጅ የለችም። ሰውየው አላየም፤ ፈጥሮ የጻፈው ተረት ነው። ስሙ የእኔ ነው። አባ ሲጠይቁኝ የእኔን ሰጠኋቸው።»

«ሳህን የምታኖረዋስ?»

«የለችም።»

«ግንቡስ?»

«ፈረንጅ አገር ነው።»

የነጠላዋን ጥለት ማሻሸት ጀመረች። እንደገና የማትናገረኝ መሰለኝ።

«እና እኔ» አለች በመጨረሻ፣ «ስምንት ዓመት ሙሉ ያለቀስሁት ላንቺ ነው?»

«አዎ።»

«እዚሁ ቁጭ ብለሽ ሳለሽ?»

ድንገት ብድግ አለች፤ ዱካው ተገለበጠ።

«አንቺ የማታፍሪ! በቁምሽ ፍትሐት ታስደርጊ? የራስሽን ተዝካር ትበዪ? ይቺን ይዤ ነው እንግዲህ የኖርሁት!» እያለች ነጠላዋን አጣፋች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበችልኝ። «እንዳትነሺ» አለችና ወጣች።

ከቅጥሩ ወዲያ ድምፅዋ ይሰማኛል። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«አባ! አባ! ያ ስም ከሙታን ይውጣልኝ! ከሕያዋን ጋር ያኑሩልኝ!»

«ምነው?» አሉ አባ በሻከረ ድምፅ። «ተነሣች እንዴ?»

«አዎን፣ ተነሥታለች! እቤት ናት፤ አጥሚት ጠጥታለች!»